የግራው ጎሚኒና የእማዬ ክብደት

ረቡዕ ጠዋት፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን

ውድ ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ጉንፋኑ ለቆህ፣ ምሳህንም በልተህ፣ ወንበር ላይ ተደላድለህ እንዲሆን ነው የምመኘው። ረጅም ስለሆነ ቆመህ የምትጨርሰው አይደለም።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አንተ በስልክ ሁለተኛውን ነገር ሳልጀምር «ገባኝ፣ ገባኝ» ትላለህ፤ ስንዘጋ ደግሞ ምን እንደገባህ የማይገባኝ እኔ ነኝ። ወረቀት ቢያንስ እስኪያልቅ ድረስ ያስወራል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። ልጃችን የመጀመሪያውን ወር ፈተና አልፋለች። ለአባዬ ለብቻዬ እጽፍለታለሁ ብላለች፤ እስካሁን ካልጻፈች በእኔ አትፍረድ። የእማዬ ጉልበት ዝናቡ ሲያባራ ተሻላት። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ጣሪያውን አሳድሶ፣ አሁን ውሃው ሁሉ የሚወርደው በእኛ ግድግዳ ነው። አንድ ጊዜ ተነጋግረናል፤ ገና እንነጋገራለን። የወጥ ቤቱ በር አንተ ስትሄድ እንደነበረው ነው፣ ይንጫጫል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። መኪናውን ለወንድምህ አልሰጠሁትም። አልሰጠውምም።

ይህን ስታነብ ግንባርህ ሲቋጠር ከዚህ ሆኖ ይታየኛል። እስቲ ከሥሩ ልንገርህ።

ባለፈው ወር የጻፍክልኝ ደብዳቤ እዚህ ፊቴ አለ። «መኪናው አርጅቷል፤ እግሩ አልቋል፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጉድ ይሠራሻል። እኔ ስመጣ የተሻለ እንገዛለን። እስከ መጪው ወር መጀመሪያ እሑድ ቁልፉን ለወንድሜ ስጪው፤ ገዢ አለው» ነው ያልከኝ። «ስመጣ» የምትለውን ቃል ስድስት ዓመት ስላነበብኳት ዓይኔ ዘሏት ያልፋል። «እግሩ አልቋል» የሚለው ግን ከነከነኝ፤ ምክንያቱም እውነት ነበረበት።

እንደምታውቀው እኔ ያለ መኪናው እንቁላል የለኝም፤ ያለ እንቁላሉ ደግሞ ልጃችን ትምህርት የላትም። በሳምንት አምስት ቀን ከዶሮ እርባታው ተነሥቼ፣ ያንን አስራ አንድ ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ አቋርጬ፣ ለሁለቱ ኬክ ቤቶችና ለሆስፒታሉ ወጥ ቤት አደርሳለሁ። ከክረምቱ ወዲህ መኪናው ጠባዩን ለወጠ። ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይጎትተኛል። ጉድጓድ ሲገባ ከታች «ዱብ» ይላል፣ አንድ ሰው በቡጢ የመታው ይመስል። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ እንኳ መሪውን በሁለት እጄ ካልያዝኩት ወደፈለገው ይሄዳል።

የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ስንት እንቁላል እንደተሰበረ በየቀኑ እጽፋለሁ። ድሮ ሦስት፣ አራት ነበር። ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አስራ አንድ ሆነ። አንድ ሐሙስ ሃያ ሦስት ገባ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ፣ ያቺ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ የምትሰካው ሴትዮ፣ ካርቶኑን ከፍታ አየችና «እኅቴ፣ እንቁላል መስበር የእኛ ሥራ ነው፤ አንቺ አትልፊ» አለችኝ። ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እስከ ወር ማብቂያ ካልተስተካከለ ሌላ አቅራቢ እንደሚፈልጉ በትሕትና ነገረችኝ።

ስለዚህ መኪናውን ይዤ ወደ ቆይማ ሄድኩ።

አዎ፣ ወደዚያው ሰውዬ። ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ጋራዥ ያለው፣ ነገር ሁሉ በ«ቆይማ» የሚጀምረው። እንደማትዋደዱ አውቃለሁ። አንተ ግን እዚያ ነህ፤ መኪናው እዚህ ነው። እኔም እዚህ ነኝ።

ቆይማ ስትነግረው ዝም ብሎ ነው የሚሰማህ፤ አንገቱን እንኳ አይነቀንቅም። ጨርሼ ሳበቃ «ቆይማ» አለና መኪናውን በክሪክ አነሣው። ረጅም ብረት ከጎማው ጀርባ አስገብቶ ገፋ ሲያደርገው፣ በግራ በኩል ያለው ላስቲክ እንደ አፍ ተከፈተ። በዓይኔ ነው ያየሁት። አንተ ሁሌ «ጎሚኒው» ስትል እሰማ ነበር እንጂ ምን እንደሆነ አይቼ አላውቅም። ለካ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ብራቾ የምትሉት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ብረት ለብረት እንዳይፋጭ መካከሉ የሚገባው ላስቲክ ነው። እሱ ተቀድዶ፣ ክንዱ እንደፈለገው ይወዛወዛል፤ ጎማው ይዞራል፤ እንቁላሌ ይሰበራል። ብራቾው ራሱም ጎብጧል። አንተ በእሳትና በመዶሻ ያቃናኸው ያው የግራው፣ እንደገና ጎብጧል።

«ሌላውስ?» አልኩት፤ ክፉውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ልስማ ብዬ። ከታች ገብቶ ቆየ። ሲወጣ አካሉ ዝገት እንዳልነካው፣ ሞተሩም ገና ብዙ እንደሚሠራ ነገረኝ። «ይሄ መኪና አላረጀም። ጫማው ነው ያለቀው» አለኝ።

የዚያን ቀን ነው የቆረጥኩት። ማንም አይወስደውም አልኩ።

ቆይማ ዕቃውን ራሱ የሚያመጣ መስሎኝ ነበር። «ሂጂና ምረጪ። የምትነጂው አንቺ ነሽ» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚህ መኪና ነገር ምረጪ ያለኝ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ቀለሙን እንኳ የመረጥከው አንተ ነህ። ወረቀት ላይ ቁጥሩን ጻፈልኝ፣ ከድሮው ላስቲክ ተገንጥሎ የወደቀውን ቁራጭ በፌስታል ያዝኩ፣ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ።

ሻጩ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ልጅ እግር ነው። ወደኋላዬ እያየ «ባለመኪናው የታለ?» አለኝ። «ፊትህ ቆሜያለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ደህና ተግባባን።

ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። አንዱ ከፋብሪካው ከወጣው ጋር እኩል የሚለሰልሰው ነው። ለመቀመጫ ምቹ ነው፤ ግን በእኛ መንገድና በእኔ ጭነት ዕድሜው አጭር ነው አለኝ። ሁለተኛው ላስቲክ እንኳ አይደለም፣ ቀይ ፕላስቲክ ነገር ነው፤ በአውራ ጣቴ ብጫነው ጥፍሬን መለሰልኝ። እሱን ሲያወራልኝ ዓይኑ በራ። መሪው እንደ ምላጭ ይሆናል፣ ፍሬን ስትይዢ አንድ ጣት አይዘምም አለኝ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የውድድር መኪና የሚገባለት ነው!»

«እኔ የምወዳደረው ከማን ጋር ነው?»

አሰበ። «ከመንገዱ» አለኝ። መልሱን ወደድኩለት። ግን ጠጠሩ ሁሉ የት ይገባል ብዬ ጠየቅሁት፤ ፕላስቲኩ ካልዋጠው ማን ይውጠው? ተቅለሰለሰና ወደ ወንበሩ እንደሚመጣ አመነልኝ። ግራሶ በየጊዜው ካልተቀባም እንደሚጮህ ጨመረልኝ። የወጥ ቤቱ በር ትዝ አለኝ። የሚጮህ ነገር አንድ ይበቃኛል።

ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ጥቁር ላስቲክ ነው፣ ግን ጠንከር ያለ። በአውራ ጣት ብትጫነው እምቢም አይልም፣ እሺም አይልም፤ ትንሽ ያስብበታል። እኔ ወዲያው ልቤ እሱ ላይ ወደቀ። የመኪናውን የፊትም የኋላም ሁሉንም በእሱ ልጨርስ ብዬ ሳስጠቀልል፣ እስቲ ልጠይቅ ብዬ ለቆይማ ደወልኩ። አሁንም «ቆይማ» አለ። ከፊት መሪው ስላለ ጠንካራው ይግባ፣ መሪ መለገም የለበትም አለኝ። ከኋላ ግን አዲስ ሆኖ እንደ ፋብሪካው ለስላሳው ይሁን። «ኋላ ያሉት እንቁላሉና እናትሽ ናቸው» አለ። ይህን ያህል ረጅም ነገር ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ብራቾውንም ተከራከርን። ሻጩ ከፈረሰ መኪና የወጣ አለ፣ ግራውን ብቻ ለውጪ ይለኛል። አገላብጬ ሳየው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል፤ እንቁላል ደግሞ ማንም አይሸጥልኝም። አንዴ የጎበጠውን ማቃናቱንም አይተነዋል። ወፈር ካለ ብረት የተሠራውን አዲሱን፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱንም አነሣሁ። ከየት አመጣሽው እንዳትለኝ፤ ከእንቁላሉ ነው።

እስካሁን ያለው ወሬ ነው። አሁን የምነግርህን ግን ቀስ ብለህ አንብበው፤ ተቆጥቼ አይደለም የምጽፈው። ተቆጥቼ ነበር፣ አልፎልኛል።

ቆይማ አሮጌውን ሊፈታ ሲል ከታች ሆኖ ጠራኝ። ከመኪናው ሥር ያለው የጋራዡ መሥሪያ ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። ያንተን ነጭ መስመር አሳየኝ። ታስታውሳለህ፣ ብሎን አጥብቀህ ስትጨርስ ሁሌ በቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ትቀባለህ፤ ከመኪናው አካል ጀምረህ፣ በብሎኑ ላይ አልፈህ፣ እስከ ብራቾው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። «ከላላ መስመሩ ይፈርሳል፣ ያኔ አውቃለሁ» ትለኝ ነበር። ፋኖስ የምይዝልህ እኔ አልነበርኩ?

መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ የብራቾው ላይ መስመርና የአካሉ ላይ መስመር አይገናኙም። ሦስት ጣት ያህል ተላልፈዋል። ብሎኑ ላልቶ ነው እንዳትል፣ ንቅንቅ አላለም። «እሺ፣ አሁን እይው» አለኝና ወጥተን መኪናውን በክሪክ አነሣው። ጎማው ሲንጠለጠል ብራቾው ወደታች ወረደ። መስመሩም ገጠመ፤ ፀጉር አያሳልፍም።

አልገባኝም ነበር። ቆይማ አስረዳኝ፤ እኔም ለአንተ ላስረዳህ። ጎሚኒው መካከሉ ብረት፣ ዙሪያው ብረት፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ላስቲክ ነው። ብሎኑን ስታጠብቀው መካከለኛው ብረት ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። ስለዚህ መታሰር ያለበት መኪናው በአራት እግሩ ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ፣ ሁሌ በሚኖርበት ሁኔታ ላይ እያለ ነው። አንተ ደግሞ በግቢያችን ጉድጓድ ስለሌለ፣ በክሪክ እንዳነሣኸው፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ብሎኑን ታጠብቀው ነበር። ቀለምህን ትቀባለህ፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ ከዚያ ታወርደዋለህ። መኪናው በወረደባት ደቂቃ ላስቲኩ ተጠመዘዘ፤ ዕድሜውን ሙሉ ተጠምዝዞ ኖረ።

«ቆሞስ?» አልኩት፤ «ብዙ ቀን ግቢ ቆሞ ነው የሚውለው።»

«እጅሽን ስጪኝ» አለኝ። ክንዴን ዘርግቶ መዳፌን እስከሚሄድልኝ ድረስ አዞረና «እንደዚሁ ይዘሽው ቆዪ» አለኝ። ከዚያ ስለ ዶሮ ይጠይቀኝ ጀመር፤ በዝናብ ይጥላሉ ወይ፣ ነጯ ትሻላለች ወይ ዝንጉርጉሯ። ስለ ዝንጉርጉሯ ነግሬው ሳልጨርስ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ተቃጠለ።

«ምን ሠራሽበት?» አለኝ።

«ምንም።»

«ይኸው ነው። ቆሞም ያልቃል።»

እሱ ወደ ብሎኖቹ ተመለሰ። እኔ ክንዴን እያሸሁ ትንሽ የራሴን አሰብኩ።

ከዚያ የመጣልኝ እማዬ ናት። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የግራው ጎሚኒ በተቀደደ ቁጥር አንተ ምን ነበር የምትለኝ? «የእናትሽ ክብደት ነው። ሁሌ ከግራ ነው የምትቀመጠው።» በቀልድ ጀመርከው፣ እየቆየ እውነት ሆነ። በአንተ አልፈርድም፣ እኔም አምኜ ነበር። ሐይቁ ዳር የሄድን ቀን ቤት ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ለጉልበትሽ መንገዱ አይሆንሽም ብዬ ዋሽቼ። የእኅቷ ልጅ ሠርግ በአውቶቡስ የሄደችውም ለዚሁ ነው። አውቃለች አላወቀችም፣ አንድ ቀን ቃል አልተናገረችም። የቀኙ ለምን ቆየ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ እሱም ተቀድዷል፤ የግራው ብራቾ የጎበጠ ስለሆነ ነው ቀድሞ የሚሄደው።

ውዬ ሳላድር፣ በቀጥታ ከጋራዡ ሄጄ ነገርኳት። ባቄላ እየለቀመች ነበር። ስለ ነጩ መስመር፣ ስለ ክሪኩ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩላት። ጨርሼ ሳበቃ ትሪውን ከጭኗ አወረደችና «ላስቲኩ የት አለ?» አለች። ከፌስታሉ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላበጠችው፣ አሸተተችው፣ በመሀረቧ ጠቀለለችው። አሁን ከሬዲዮው ጎን ተቀምጧል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይፈታል። ጫማ ሰፊው ሦስት ጊዜ አይቶታል፤ የጣሪያውን ነገር ልንነግረው ስንጠራው ላስቲኩ ነው የሚጠብቀው። ለአንተ የላከችው መልእክት አለ፣ እንዳለችው ልጻፈው፦ «ለእኔ ሳይሆን ለኪሎዬ ይቅርታ ይጠይቅ።»

የማሰሪያው ቀን ደግሞ እንዴት ያለ ቀን ነበር መሰለህ! ዓርብ ዕለት፣ አዲሱ ሁሉ ገብቶ ብሎኖቹ ገና ሳይጠብቁ፣ ቆይማ መኪናውን ጉድጓዱ ላይ በአራት እግሩ አቆመውና «ሁልጊዜ የምትጭኚውን ሁሉ ጫኚ» አለኝ። እንቁላሉን ከእርባታው አስመጣሁ፤ ትሪው በትሪ ላይ እንደ ሥራ ቀን ከኋላ በቀኝ በኩልና የኋላው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ገባ። እማዬን አስመጣሁ። አዲሱን ሹራቧን ለብሳ ነው የመጣችው፣ ፎቶ የምትነሣ ይመስል። ቆይማ በአክብሮት ስንት ኪሎ እንደሆነች ቢጠይቃት «ለማን ልትሸጠኝ ነው?» አለችው። ከኋላ በግራ፣ በድሮ ቦታዋ፣ ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ከእኔ ጎን ወዳለው ወንበር በኋላ እመለሳለሁ።

ቆይማ ከታች ሆኖ መኪናውን ሁለት ሦስት ጊዜ አንቀጠቀጠው፣ ጭነቱ እንዲደላደል። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቃቸው። ብረቱ ሲያቃስት ከእግሬ ሥር ይሰማኛል። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሲጨርስ ብሩሽ ጠየቅሁትና ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ ነጩን መስመር ራሴ ቀባሁት። እጄ ስላልለመደ እንደ አንተ ቀጥ አላለም። ግን መሬት ላይ ቆሞ ነው የተቀባው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት በዚያው ጠጠር መንገድ ነዳሁት። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ትንሽ ጠንከር ብሎብኛል፣ ጠጠሩን ድሮ ከማውቀው ይልቅ በመሪው በኩል አውቀዋለሁ። ግን ፍሬን ስይዝ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ዱብ» የለም። የእርሻ ጣቢያው ጠመዝማዛ ላይ ድሮ ትንፋሼን ውጬ ነበር የማልፈው፤ አሁን አፌን ከፍቼ እያዜምኩ ነው ያለፍኩት። ሆስፒታሉ ስደርስ ያቺ ባለ እርሳሷ ካርቶኑን አንድ በአንድ ፈተሸች። ሁለት ነው የተሰበረው። አንዱን እማዬ፣ ሲጫን ጀምሮ የተሰነጠቀ ነበር ትላለች፤ እኔ አልተከራከርኳትም። ቀን መቁጠሪያው ላይ «፪» ብዬ ጻፍኩና አከበብኩት። ሴትዮዋም እርሳሷን ከጸጉሯ አውጥታ ስሜን በአቅራቢነት እስከ ዓመቱ መጨረሻ መዘገበችው።

እሑድ፣ ማለት ከማሰሪያው በኋላ ባለው፣ ወንድምህ ደብዳቤህን ይዞ ቁልፍ ሊወስድ መጣ። ያው እንደምታውቀው በጠቅላላው ነው፤ ከ«በጠቅላላው» ሳይነሣ አንድ ነገር አይናገርም። «በጠቅላላው እንግዲህ፣ ወንድሜ ያለው ነገር አለ» አለኝ ሻዩን ይዞ። ቁልፉን እንደማልሰጠው ነገርኩት። ሳላስቀይመው ነው፣ አትጨነቅ። ከዚያ በእግርህ አትሂድ፣ ላድርስህ አልኩት። ፊት ሊቀመጥ በሩን ሲከፍት፣ እማዬ «አንተ ከእኔ ጋር» ብላ ወደ ኋላ ወሰደችው። በጠጠሩ በኩል ዞሬ ወሰድኩት፣ ሆን ብዬ።  ቤቱ ስንደርስ ወርዶ፣ የፊቱን ጎማ ዞሮ አየና፣ «በጠቅላላው ይሄ ለምን ይሸጣል?» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቆይማ የእሱንም መኪና ቢያይለት እንድለምንለት ጠየቀኝ። እሱም የሚሠራው በክሪክ ነው ለካ፤ ካንተ ነው የተማረው።

አንድ ወሬ ቀረኝ። ከአንተ ዘንድ የመጣው የቀለም ቀቢው ልጅ ቤት ድረስ መጥቶ ሰላምታህን አድርሶልኛል፣ ተባረክ። ደህና ነው አለኝ፣ ወፈር ብሏል አለኝ፣ ሸሚዙም ሁሌ እንደተተኮሰ ነው አለኝ። ጎሽ፣ እንዲያ ይሁን አልኩ። ካውያ መያዝ መቼ እንደተማርክ አልጠየቅሁትም። እሱም ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ጥሩ አስተዳደግ ያለው ልጅ ነው፤ ስንብት ላይ ዓይኔን ማየት አቃተው።

እንግዲህ ወንበሩ።

ያን ዓርብ፣ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ፣ እማዬ ከኋላዬ፣ ቆይማ ከጉድጓዱ ብቅ አለና «ከጎንሽስ ማን ይቀመጣል?» አለኝ። ጥያቄው ለሥራው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የሚያስቀምጡት የአሸዋ ከረጢት አላቸው፣ አንድ ደህና ሰው የሚያህል። ሁለት ሠራተኞች ተሸክመውት በሩ ላይ ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ።

አንድ ነገር ታውቃለህ? ሦስት ዓመት እንቁላል ስጭን፣ ከኋላ እስከ ጣሪያው ደርድሬ፣ የዕቃ መጫኛው ክዳን አልዘጋ ብሎኝ በገመድ አስሬ፣ የአንተ ወንበር ላይ አንድ ትሪ አስቀምጬ አላውቅም። ማንም አታስቀምጪ አላለኝም። የታሰረ ቦታ ነበር፣ ያው አንተ በነበርክበት ልክ። እዚያ ተቀምጬ የተጠመዘዘው ክንዴ ትዝ አለኝ።

ሰዎቹ ከብዷቸዋል፤ ብዙ ማሰብ አልቻልኩም። «አሸዋውን መልሱት። ስድስት ትሪ እንቁላል አስቀምጡልኝና በቀበቶው እሰሩት» አልኳቸው። እማዬ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። ቆይማ ወረደና አሰረው።

ስለዚህ መኪናው አሁን ዛሬ ባለንበት ሁኔታ ነው የታሰረው፤ በእኔ፣ በእማዬና በእንቁላሉ። ከፋም ለማም በዚህ ይሄዳል፤ እየሄደም ነው። አይሸጥም። ለእኔም ስለ መንገዱ አትሥጋ፣ መሪውን በአንድ እጅ ነው የምይዘው።

መምጣትህ ቁርጥ ከሆነ ደግሞ ቆይማን ጠይቄልሃለሁ። እንቁላሉን ወደ ኋላ እመልሳለሁ። አራት ብሎን ነው የሚላላው፤ ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንደገና ይታሰራል፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግን ሰውየው ራሱ መጥቶ መቀመጥ አለበት። በአሸዋ አላሳስርም።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፤ ወጥተህ ስትገባ ሰላም ይግጠምህ፤ ለጉንፋኑ በሙቅ ውሃ ታጠን፣ ማንም ቢሆን ያፍላልህ።

ባለቤትህ